ሙቀቱ የሄደበት ቦታ

መሐንዲሷ ሰባት ዓመት የለፋችበት የአዮን ምንጭ ሐሙስ ከሰዓት ሊፈረድበት ነው። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው፦ በውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ የሃይድሮጅን ጋዝ ያግላል፤ ከጋዙም ትርፍ ኤሌክትሮን የያዙ አሉታዊ አዮኖች ይወጣሉ። እሷ ግን ሃምሳ ኪሎዋት አፍስሳ የምታገኘው አዮን ከሚፈለገው ግማሽ አይሞላም። ኃላፊው «በዚሁ ኃይል ከሚፈለገው ካልደረሰ ማሽኑ ይፈታል» ብሏል። ሰውዬው ቃሉን አያጥፍም፤ ለዚህ ያመሰገነው ሰው ግን የለም።

ረቡዕ ጠዋት ኮምፒዩተሯ ላይ እንዳፈጠጠች የማቀዝቀዣ ውሃ ሠራተኛው፣ ሁሉም «ጋሼ ቧንቧ» የሚሏቸው፣ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ከየቧንቧው የሚወጣውን ውሃ ሙቀት ሳይለኩ አንድም ቀን ቤታቸው ገብተው አያውቁም።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ኃይል ጋዙን ለማጋል ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ከጋዙ ክፍል የሚወጣው ውሃ ለብ ያለ ነው። ከጥቅሉ ዙሪያ የሚወጣው ግን እጅ አያስነካም። ድግስሽ እንግዳው ጋ ሳይደርስ ጓዳ ውስጥ እየተበላ ነው።»

ደብተሩን ተቀብላ ገለጠችው። የአራት ወር ቁጥር፣ በእርሳስ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ክው አለች። ጥቅሉን አቅፎ የያዘው የብረት ቀለበት የራሷ ንድፍ ነው፤ ሞገዱ ጋዙን ትቶ እሱን ሲያሞቅ ከርሟል። ስንቱን ተማሪ «ጥቅል አጠገብ ብረት አታስጠጉ» ብላ ገሥጻለች! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

«ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ያልነገሩኝ?»

«አውቀሽ ያደረግሽው መስሎኝ ነዋ! አንቺ ትሳሳቻለሽ ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ነገ ይፈታል ሲሉ ብሰማ ነው የመጣሁት።»

ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ሠሩ። ቀለበቱን አውልቀው ሞገድ በማያሞቃቸው የሴራሚክ ድጋፎች ተኩት። ሽማግሌው ጠባቡ ክፍተት ውስጥ እጃቸውን አስገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብሎኑን በመዳሰስ ብቻ ሲያጠብቁ አየች። እንዲህ ያለ እጅ ዩኒቨርሲቲ አላየችም።

ሐሙስ ያው ሃምሳ ኪሎዋት ተለቀቀ። የአዮኑን መጠን የሚያሳየው ቆጣሪ ወጣ፣ ወጣ፣ ከሚፈለገው አልፎ ቆመ። ኃላፊው ተነሥቶ አጨበጨበ።

«ምን ተአምር ሠራሽ?»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። «ስህተቱ የኔ ነው» አለች። «ያገኙት እሳቸው ናቸው» ብላ ወደ ሽማግሌው አመለከተች።

ጋሼ ቧንቧ አፍረው መሬት መሬቱን አዩ። «ኧረ እኔ ውሃ ነው የለካሁት!»

ሪፖርቱን ልትጽፍ ተቀመጠች። ከራሷ ስም በላይ የእሳቸውን ልታስቀድም ጀምራ እጇ ቆመ። ሰባት ዓመት አብረው ሲሠሩ ስማቸውን ጠይቃቸው አታውቅም። ተነሥታ ልትጠይቃቸው ሄደች።