ሐዋ ቀላች አሉ

ሰኞ ገበያ ላይ ሐዋን ያየ ሁሉ «እንዴት ቀላች! ማሻ አላህ!» ይል ነበር። እናቷ መዲናም መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ልጇ ሲመሰገን የቷ እናት ትከፋለች? ሐዋ ጠይም ነበረች። አሥራ ስድስት ሲሞላት ግን ፊቷ ፈካ፣ ከንፈሯ ሳይቀር። ከንፈር ሲፈካ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ይልቅ ወሬው ኮምቦልቻ ወረደና ሙሄዲን የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ሽማግሌ ላከ። አባቷ እንድሪስ እሺ አለ። እናትየውን ማን ጠይቋት!

በዚያው ሰሞን ሐዋ የቀበሌው ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ካድሬው «ሰበበኛ!» ብሎ ጮኸባት። መዲና ግን ደግፋ አንስታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ፀሐይነሽ የምትባለው ነርስ የልጅቷን የዓይን ቆብ ገልጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ቀላች ነው እኮ የሚሉኝ» አለች መዲና።

«ነጣች እንጂ ምን ቀላች! ደም አንሷታል። እያደገች ነው፣ በየወሩም ደም ይፈሳታል፤ ምግቧ ካልተካላት ከየት ይምጣ? እንዲህ ሆና አርግዛ ብትወልድ ሊያጧት ይችላሉ።»

ክኒን ሰጠቻት። ደም የሚሠራው ምግብ ውስጥ ባለ ብረት ነው አለቻት፤ ጉበት ሲገኝ ጉበት፣ ሲታጣ ምስርና ጎመን ሎሚ ተጨምቆበት ትብላ፣ ሻይ ግን ብረቱን ስለሚያስቀርባት ከምግብ ጋር አትጠጣ።

ጉበት! በእነመዲና ቤት ጉበት የወንድ ነው። በግ በታረደ ቁጥር ለእንድሪስና ለወንዶች ልጆቹ ይቀርባል፤ ለሴቶቹ የሚደርሳቸው ሳህኑን ማጠብ ነው። በየወሩ ደም የሚፈሳት ሴቷ፣ ጉበት የሚበላው ወንዱ! መዲና እስከ ቤቷ ድረስ ስትንጨረጨር ሄደች።

እንግዶቹ ከኮምቦልቻ የመጡ ዕለት እንድሪስ በግ አረደ። መዲና ጉበቱን አብስላ ሐዋን ማድቤት አስቀመጠቻት።

«እማ፣ እንግዶቹስ?»

«ብይ ብዬሻለሁ!»

ትንሽ ቆይቶ እንድሪስ ከሳሎን ተጣራ። «ጉበቱስ?»

መዲና እጇን እየጠረገች ወጣች። «ሐዋ በላችው።»

የሙሄዲን እናት እትዬ መርየም ጉንጫቸውን ያዙ። «ሙሽራ ከእንግዳ ቀድማ? ኧረ አላህን ፍሪ!»

«አላህን ፈርቼ ነው ያበላኋት! ቀላች ብላችሁ የመጣችሁት ደሟ አልቆባት ነው። ወላሂ፣ እንዲህ ሆና ከቤቴ አትወጣም!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አዋረድሽኝ!» አለ እንድሪስ።

«ወልዳ ስትሞትብህ ትከብራለህ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ መርየም ነገሩን ለማብረድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሺ እህቴ፣ አላህ ያሽራት። ስትድን ተመልሰን እንመጣለን።»

«ስትድን ትጠቁራለች» አለች መዲና። «ጠይም ነበረች፤ ጠይም ትሆናለች። ያኔም ይመጣሉ?»

እትዬ መርየም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና የኮምቦልቻ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ሽማግሌዎቹን አጣደፉ።