የሀሩን ማሳ ዘይት

ዘይቱ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እየተጠለለ ወደ ጀሪካኑ ሲንጠባጠብ፣ መምህር የኋላሸት ዓይኑን አልነቀለም። የሦስት ዓመት ልፋት ተጨምቆ ሰባት ሊትር እንኳ አልሞላም።

በሸዋ ሮቢት ኬሚስትሪ ያስተምራል። በሚሊኒየሙ ማግስት የአካባቢውን የቀወት ገበሬዎች ጃትሮፋ የሚባለውን የዘይት ተክል ትከሉ ብሎ ያግባባ እሱ ነበር። ፍሬው ተጨምቆ በናፍጣ ምትክ መኪና ይነዳል፤ መኪናው የሚተፋውን ጭስም ተክሉ መልሶ ይስበዋል፤ ሰማዩ አይበደልም ይላቸው ነበር። ብዙዎቹ የአጥር ጥግ ሰጡት። ሀሩን የሚባል ገበሬ ግን ከልቡ አምኖ የማሽላ ማሳውን በሙሉ ተከለበት። ፍሬውን የሚገዛ ሳይመጣ ቀረ፤ ጎተራውም ተራቆተ። አምና ሀሩን ባሕር ሊሻገር ወደ ጅቡቲ ወጣ። ድምፁ ከጠፋ ስምንት ወር ሆነው።

ዛሬ ሚስቱ ሐምዲያ ተክሉን አስነቅላ ማሽላ ልትዘራ ነው። የኋላሸት የመጨረሻውን ፍሬ ልጭመቅ ብሎ ሲለምናት ፈቅዳለት ነበር።

በናፍጣ የሚሠራ ፒክአፕ ያለው ጎረቤታቸው ሚሊዮን እያመነታ ዘይቱን ወደ መኪናው ቀዳ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገራገጨና ተነሣ። የኋላሸት አጨበጨበ፤ ለካ እውነት ነበር። ወዲያው ሐምዲያን አየና በደስታው አፈረ።

«መምህር፣ ይሄ እስከየት ያደርሳል?» አለችው።

በሆዱ አሰላ። «ቢበዛ በሰሜኑ መንገድ ካራቆሬ።»

«ሀሩንም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። እንግዲያው የማሳው ዘይት እስከዚያ ያድርሰኝ።»

ሦስቱም ጉዞ ጀመሩ። ጭሱ የተጠበሰ ነገር ይሸታል። ሰንበቴን፣ አጣዬን ሲያልፉ የሐምዲያ ከንፈር በዱዓ ይንቀሳቀስ ነበር።

ካራቆሬ ላይ ሚሊዮን ዘይቱ ሳያልቅበት ሞተሩን አጠፋና የመመለሻ ናፍጣ ፍለጋ ሄደ። ሐምዲያ ወርዳ አስፋልቱ ዳር ቆመች። የኋላሸት ስንት ቀን ያሰናዳውን የይቅርታ ቃል ይዞ ተከተላት።

«እትዬ ሐምዲያ፣ ሀሩንን ለስደት የዳረግሁት እኔ ነኝ» አላት።

ዘወር ብላ አላየችውም። «ሲሰናበተኝ ‹መምህሩ አልዋሸንም› ነበር ያለኝ። እኔ ነኝ ያላመንሁት።»

ወደ ሰሜን የሚሄድ የጭነት መኪና በነፋሱ ሻሿን አንሥቶ አለፈ። እስኪሰወር በዓይኗ ሸኘችው፤ ከዚያም ተከታዩን። ሚሊዮን ተመልሶ ናፍጣውን ቀዳና ጠራቸው። ሁለቱም ሀሩን የሄደበትን መንገድ እያዩ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።