ጉያ ያልበቃቸው ጫጩቶች

ይርጋነሽ ጡረታ እንደወጣች ዶሮ ላርባ ብላ ከሞጣ ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች ገዛች። ወደ ቢቸና ስትመለስ ግን ሚኒባሱ ግንደወይንን እንዳለፈ ሜዳ ላይ ቆመ። መንገዱ ተዘግቷል፤ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደና ብርዱ ጠና። ጫጩቶቹ ካርቶኑ ውስጥ እየተደራረቡ ይንጫጫሉ።

«ሙቀት ካላገኙ እኮ ያልቁብኛል» አለችው ሾፌሩን።

«ምን ላድርግ እትዬ? ሞተር አስነስቼ ላሙቅ ብል ነዳጁ ቢቸና አያደርሰንም።»

ነጠላዋን አለበሰቻቸው፤ አልጠቀመም። እጇ የገቡትን አንስታ ጉያዋ ሸጎጠች። አጠገቧ የተቀመጡት ቄስ አምላኩም ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው፣ «እስቲ ለእኔም ስጭኝ» አሏት። እሳቸውም የቻሉትን አቀፉ። ለቀሩት ጉያውን የሚሰጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ይርጋነሽ ካርቶኑን በመዳፏ ሸፍና፣ ጫጫታው እየሳሳ ሲሄድ ከመስማት ሌላ የምታደርገው አጣች።

መንገዱ በማግስቱ ተከፈተ። ቢቸና ስትደርስ ባሏ በላቸው በአምፖል ያሞቀውን የጫጩት ቤት ከፍቶ ጠበቃት።

«ጫጩቶቹስ?» አላት።

ቄስ አምላኩ የመለሱላትን ጨምራ፣ ጉያዋ ውስጥ የቀሩትን አውጥታ ሰጠችው።