መስቀል የተቆረጠበት ተጎታች

ታዲዎስ ተጎታቹን የገዛው ለአማቱ ጉልበት ሲል ነው። ነገሩ ለሰሚ ያስቃል፤ እሱ ግን አልሳቀም። አማቱ አቶ ገብረዋህድ በየዓመቱ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ደጋ ላይ ያለ ጠበል ይሄዳሉ። አምና ድንኳን ውስጥ ሰንብተው ጉልበታቸው ሲሻላቸው ሳንባቸው ታመመ። ዘንድሮም «እሄዳለሁ» አሉ፤ እሳቸው እሄዳለሁ ካሉ ደግሞ ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ሥራ ያቆመ ዳቦ ቤት የሸጠውን ዝግ ተጎታች ገዝቶ፣ ኡራኤል ጀርባ ባለው ግቢያቸው አቆመው። ጎኑ ላይ «ትኩስ ዳቦ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ሚስቱ ሀብትነሽ ይጥፋልኝ ብትል፣ አባቷ «ትኩስ የሚለውን ተዉት» አሉ።

ታዲዎስ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የግዢ ክፍል ሠራተኛ ነው። ጥንቁቅ ነው፤ ወተት እንኳ አሽትቶ ነው የሚጠጣው። በዝግ ቤት የሚነድ እሳት ሰው እንደሚገድል ያውቃል። መርዙ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ሰውዬው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፣ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከሰል በተጎታቹ ደጃፍ እንዳያልፍ ከለከለ። አነስተኛ የጋዝ ማሞቂያ አመጣ፤ እሱም ከመኝታ በፊት ይጠፋና፣ ሌሊቱን ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ብርድ ልብሱ ሥር ይገባል። አየሩ እንዲዘዋወር መስቀል ፍላወር ያለው በያጅ ኤርሚ ሁለት ቀዳዳ ከፈተለት፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። ጣሪያው ሥር ደግሞ አየሩ ሲመረዝ የሚጮህ መሣሪያ ተሰቀለ። ታዲዎስ ሁሉን አስቧል፤ ያላሰበው ንፋስን ነው።

አቶ ገብረዋህድ ንፋስ አይወዱም። ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ተሳፋሪ ካለ ገልመጥ አድርገው ያስዘጉታል፤ ሰውዬውም ይዘጋል፣ የቀረውም ተሳፋሪ በልቡ ያመሰግናቸዋል። እስከዚህ ድረስ እንደማንኛውም የአገሩ ሰው ናቸው። የእሳቸው ግን ከዚህም ያልፋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ራሕዋ በሳንባ ምች ነው የሞቱት። አልጋቸው መስኮት ሥር ነበር፤ ነርሷ «አየር ያስፈልጋቸዋል» ብላ ከፍታው ነበር። አቶ ገብረዋህድ ሐኪሙ ያለውን አልተቀበሉም። «ንፋስ ገደላት» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምሩት ቃል የለም።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ዝናባማ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ ሙከራ ተደረገ። ሽማግሌው ጋቢያቸውንና ሬዲዮናቸውን ይዘው ገቡ፤ ማሞቂያው ተለኮሰ፤ በሩ ተዘጋ። ታዲዎስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጆሮውን አቆመ። መሣሪያው አልጮኸም። የሬዲዮው ድምፅ ብቻ ይሰማል። በእጁ ሥራ ረካ፤ ሻይም አስደገመ። ማሞቂያውን ሊያጠፋ ሲነሳ ግን ከላይኛው ቀዳዳ አንዲት ነጭ ነገር ብቅ ብላ አየ። የጋቢ ጫፍ ናት። ወደ ታችኛው ቀዳዳ ጎንበስ ቢል እዚያም ሌላኛው ጫፍ ተወትፏል።

በሩን በርግዶ ገባ። አቶ ገብረዋህድ ፊታቸው ገርጥቶ «ራሴን... ራሴን» ይላሉ። ተሸክሟቸው ወጣ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ግማሹ «አየር ስጧቸው!» ሲል ግማሹ «ኧረ ንፋስ እንዳይመታቸው፣ አልብሷቸው!» ይላል። ሁሉም እንደየእምነቱ ረዳ፤ በአንድ በኩል እየተራገቡ በሌላ በኩል እየተጠቀለሉ ሆስፒታል ደረሱ። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው በማግሥቱ ተመለሱ።

የመሣሪያው ባትሪ ድንጋይ ሬዲዮኑ ውስጥ ተገኘ።

«ለምን አወጡት አባባ?» አለ ታዲዎስ።

«ያ ነገር ምንም አይናገርም። ሬዲዮኑ ግን ዜና አለው።»

«ቀዳዳውንስ ለምን ወተፉት?»

«ባልወትፈውማ ሞቼ ነበር! ትንሽ ሾልኮ ገብቶ እንኳ ራሴን እንዴት እንዳደረገኝ አይተሃል።»

ሀብትነሽ አባቷ ሁለተኛ እዚያ ሣጥን ውስጥ እንደማይገቡ ተናገረች። አባቷም «እንግዲያው በድንኳን እሄዳለሁ» አሉ። ታዲዎስ እንቅልፍ አጣ። ድንኳኑ ሳንባቸውን ይጨርሳል፤ ተጎታቹ ከተወተፈ ደግሞ እስኪነጋም አያቆያቸውም። ሰውዬውን ይወዳቸዋል፤ አባቱን በልጅነቱ ስላጣ አባባ የሚለው ሌላ ሰው የለውም።

ከሥራ ሲመለስ አንድ ቀን ኡራኤል ጋ ከታክሲ ወርዶ ቀና ሲል በመስቀል ቅርጽ የተሠራ የቤተ ክርስቲያን መስኮት አየ። ወደ ቤቱ አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ኤርሚ ጋ ሄደ።

«ቀዳዳዎቹን በመስቀል ቅርጽ ቁረጥልኝ።»

«ብራዘር፣ ማለቴ፣ አየር ማስገቢያ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን?»

«ሁለቱንም» አለ ታዲዎስ።

ሥራው ሲያልቅ ሽማግሌውን ጠርቶ አስገባቸው። አቶ ገብረዋህድ የላይኛውን ሲያዩ አማተቡ፤ ቀረብ ብለውም ተሳለሙት። ብርዱ ከንፈራቸውን ነካው። ዞር ብለው ታዲዎስን አዩት፤ ታዲዎስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ።

«ይሄስ?»

«እሱም... መስቀል ነው፣ አባባ።»

«እግሬን ወደ መስቀል ዘርግቼ ልተኛ?»

ወተት አሽትቶ የሚጠጣው ሰው ይህን አላሰበም ነበር። ከፍ እንዳያደርገው አየሩ ከታች መግባት አለበት፤ እንዳይተወው ነውር ነው።

አቶ ገብረዋህድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ታዲዎስ፣ ሞኝ መሰልኩህ?»

«ኧረ አባባ!»

«መስቀል ላይ ጨርቅ አይወትፉም ብለህ ነው።»

«ፈርቼ ነው» አለ ታዲዎስ። «ሞተው ባገኝዎት ለሀብትነሽ ምን እላታለሁ? እኔስ ማን አለኝ?»

ሽማግሌው ወደ ታችኛው ቀዳዳ ጠቆሙ። «የታችኛውን አስጠፋው። ክብ ይሁን።»

«ተመልሰው ቢወትፉትስ?»

«አልወትፈውም።»

«አባባ፣ እንደ ባለፈው...»

«የራሕዋን አጥንት! አልወትፈውም አልኩህ።»

ወይዘሮ ራሕዋ ካረፉ ወዲህ ሽማግሌው በስማቸው ሲምሉ የሰማ የለም። አቶ ገብረዋህድ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ታችኛው ቀዳዳ ላይ አደረጉ፤ ንፋሱ በጣቶቻቸው መሐል ይገባል።

«እሷን የወሰደብኝ ይሄ ነው» አሉ። «በስሟ አስገባሁት እንግዲህ።»

ከዚያም ኪሳቸውን ዳብሰው ሁለት ባትሪ ድንጋይ አወጡ። ታዲዎስ ሰሞኑን መሣሪያው ውስጥ በአዲስ የተካቸው ነበሩ፤ መውጣታቸውን አላወቀም።

«ለሚጮኸው ነገርህ አድርገው። ዜናውን አንተ ትነግረኛለህ።»

ታዲዎስ ሲቀበል አንዱ ወድቆ አልጋው ሥር ገባ። ሊፈልገው ተንበረከከ። አቶ ገብረዋህድም በዚያ ጉልበታቸው አብረውት ተንበረከኩ።