ሳሙናው ሲጠቁር

«ጫማህን አታውልቅ» አለ ወሰኑ፣ በሩ ላይ ክንዱን ዘርግቶ። «አትገባም።»

ፀጋው አንድ እግሩን ከጫማው እንዳወጣ ቀረ። ልቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትናንትም ከትናንት ወዲያም መጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ከሸራው ጥግ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያናግረው ሄዷል። ዛሬ ግን የሟቹ ታናሽ ወንድም ወሰኑ ከድሬዳዋ ደርሷል።

«ትንሽ ልቀመጥና እሄዳለሁ» አለ ፀጋው።

«የገደልከው ሰው ልቅሶ ላይ?»

የሟቹ ሚስት የውብዳር ከውስጥ፣ ከፍራሹ ላይ ሆና ሰማች። ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ወደ በሩ አሰገጉ፤ «ተው» ያለ ግን የለም። እሷም አላለችም። ፀጋውን ከሁሉም አብልጣ ትጠላዋለች። የምትጠላው ግን እነሱ በሚጠሉት ምክንያት አልነበረም።

«በጠራራ ፀሐይ!» አለች አንዷ በሹክሹክታ። «ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ፣ ያን የሚያክል ሚኒባስ እንዴት ሳያየው ቀረ?»

«ሐሳብ ነዋ። ጋራዡ ከተዘጋ ወዲህ መቼ ልቡ እሱ ጋ ነበር?»

«ያስዘጋው ይኸው ቆሟል» አለች ሦስተኛዋ፣ በአገጯ ወደ በሩ እየጠቆመች።

ሟቹ ባንቲሁን ባቲላሜራ ነበር። በካርቲየ 6 ሰፈር የተጋጨ መኪና የሚያቃና ሞልቷል። ገላው አሉሚኒየም የሆነ ላንድሮቨር ሲጋጭ ግን ሁሉም የሚልከው ወደ እሱ ነበር። የውብዳርም ያወቀችው ተቀጥራ ትኖርበት ከነበረው የፈረንሳዮች ቤት፣ አጥር የመታ ላንድሮቨር ሊያይ ሲመጣ ነው። ሻይ ስታቀርብለት ቀና ብሎ አላያትም፤ የተጨራመተውን በር በመዳፉ ይዳብስ ነበር።

«ይኼ እንደ ብረት አይደለም» አላት ሳትጠይቀው። «ብረት ሲግል ይቀላል፤ ያስጠነቅቅሻል። ይኼኛው መልኩን ሳይለውጥ እጅሽ ላይ ይፈሳል።»

ስለዚህ ሳሙና ይቀባዋል። የጋዙን እሳት ቀስ እያለ ያስጠጋና፣ ሳሙናው ቡናማ ሆኖ መጥቆር ሲጀምር ቶሎ ያነሣዋል። ያን ጊዜ ቆርቆሮው ለስልሶ ለመዶሻ ይታዘዛል። ከዚያ ካለፈ አበቃ።

ኩራቱ ሥራው ነበር። ብረት የነካ መዶሻ አሉሚኒየም እንዲነካ አይፈቅድም፤ የብረት ብናኝ እየተቀበረ ያነቅዘዋል ይላል። ፀጋው አሥራ አንድ ዓመት አብሮት ሲሠራ አንድ ጊዜ መዶሻ ቢያደባልቅ፣ ሳምንት ሙሉ አኮረፈው።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። የውብዳር ያወቀችው ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ሲያፈስ ነው። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትለው፣ «ለሰው ትንፍሽ ካልሽ አብረን አንኖርም» አላት።

ዓብዱሰመድ የሚባል ደንበኛ ቱሪስት ወደ አሳል ሐይቅ የሚያመላልስበትን ላንድሮቨር ያመጣው በዚያው ሰሞን ነበር። የውብዳር ምሳ ይዛላቸው ሄዳ ስለነበር ሁሉንም በዓይኗ አየች። ባንቲሁን እሳቱን ይዞ የመኪናው ጎን ላይ አጎንብሷል። ሳሙናው ጠቆረ።

«ጋሼ፣ በቃ!» ብሎ ጮኸ ፀጋው።

ባንቲሁን አላመነውም። የመኪናው ጎን ረግቦ መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

ዓብዱሰመድ ከማዶ ሱቅ እየሮጠ መጣ። «ማነው ይኼን ያደረገ?»

ባንቲሁን እሳቱን እንደያዘ አቀረቀረ።

«እኔ ነኝ» አለ ፀጋው።

ባንቲሁን እሳቱን አጠፋ። ከዚያ የፀጋውን መሣሪያዎች ሰብስቦ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያየ መንገድ ላይ በተናቸው። «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!»

እቤት ሲገባ የውብዳር «ለምን?» አለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ፀጋው ከከተማው ዳር ፒኬ 12 ወርዶ፣ ድንበር ተሻግረው ከአዲስ አበባ የሚመጡ ከባድ መኪናዎችን መቀጥቀጥ ያዘ። ባንቲሁን ብቻውን ሁለት መኪና አበላሸና ጋራዡ ተዘጋ። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው «ስሙን ያጠፋበት ፀጋው ነው» ሲል የውብዳር እየሰማች አለፈች። ፀጋውን መንገድ ላይ ስታይ ተሻግራ በሌላው ጥግ ትሄዳለች። የበደሉትን ሰው ዓይን ከማየት መጥላቱ ይቀላል።

አሁን ወሰኑ የፀጋውን ኮሌታ ጨብጧል።

«ተናገራ! ወንድሜ ምን አደረገህ? ያስተማረህ ሰው አይደለም? አፍ የለህም?»

ፀጋው አሁንም መሣሪያዎቹ እንደተበተኑበት ቀን ጥፋቱን ለራሱ ወሰደ።

የውብዳር ተነሣች። «ልቀቀው።»

«አንቺ ተቀመጪ፤ የምታውቂው ነገር የለም።»

«አውቃለሁ። ቆሜ አይቻለሁ። መኪናውን ያቀለጠው ባንቲሁን ነው። ዓይኑ አያይም ነበር። ሚኒባሱንም አላየውም። ይኼ ሰው የተሸከመው የወንድምህን ጥፋት ነው።»



«አፈሩ ሳይደርቅ?» አለ ወሰኑ፣ ኮሌታውን ለቆ። «ባልሽን? በገዛ ልቅሶው ላይ?» መሬቱ ላይ እንትፍ ብሎ ወጣ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ተከተሉት። የቀሩትም ፊታቸውን አዙረውባት አንድ በአንድ ወጡ።

የውብዳር ወደ ፀጋው ዞረች። ከእሱ እንኳን ደግ ቃል ጠብቃ ነበር።

«ምን አደረግሽ?» አለ ፀጋው። «አምስት ዓመት የቻልኩትን በአንድ አፍታ በተንሽው! ስሙን ይዞ ይቀበር ብዬ እኮ ነው። ማን ተናገሪ አለሽ?»

«ከበደኝ።»

«እኔን አልከበደኝም» አለ። ውሸቱን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ጎረቤቷ ጀዋሪያ የሆነውን ሳትሰማ በጓሮ በር ገባች፤ በትልቅ ትሪ ሩዝና ዓሣ ይዛለች። ሥጋዋን እንደማይበሉላት ስለምታውቅ ዓሣ ነው የሠራችው። ባዶውን ፍራሽ አየች፣ ሁለቱን አየች፣ ትሪውን መሃላቸው አስቀምጣ ምንም ሳትጠይቅ ወጣች።

የውብዳር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

ፀጋው ሊሄድ ዞረ። በሩ ድረስ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ እጁን ታጠበና ትሪው አጠገብ ተቀመጠ። ከዓሣው ቆርሶ እሾሁን አንድ በአንድ ለቀመ፤ በጣቱ ዳብሶ እንዳልቀረ አረጋገጠና ከሩዙ ጋር ጠቀለለው። ቁጣው ከፊቱ አልጠፋም። እሷን ሳያይ እጁን ዘረጋ።

«ብዪ።»

የውብዳር አፏን ከፈተች። ግማሹ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ጎረሰችው።