ቮይቴኽን ማን ይሸከማል

ቮይቴኽ ህሩቤሽ ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። እኩለ ቀን ሳይሆን ቄስ እንደገባለት በቺካጎ የቼኮች ሰፈር ያልሰማ አልነበረም።

ሶኮል የሚባለው የጂምናስቲክ ማኅበራችን ከቄስ ጋር አይስማማም። አባሉ ቄስ ሳይጠራ ከሞተ፣ የማኅበር ወንድሞቹ ቀይ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ባንዲራ አውጥተው፣ በሙዚቃ ተሸክመው ቄስ ወደማይረግጠው የራሳችን መቃብር ይወስዱታል። ቄስ ከገባለት ግን ለቄሱ ይተዉታል። ደንቡን ካጸደቁት አንዱ ራሱ ቮይቴኽ ነበር። ማኅበሩ ገና በቢራ ቤት ጓሮ ሲሰበሰብ፣ ለስፖርቱ የሚንጠለጠሉበትን ዘንግ፣ እሱ ከሚሠራበት የእንጨት መጋዘን ከተጣለ ግንድ ጠርቦ የተከለው ራሱ ነው። አዳራሹ ሲገነባም ከሥራ መልስ ጡብ ይሸከም ነበር።

ሚስቱ አፖሌና በማግስቱ ወደ አዳራሹ ሄደች። ኮሚቴው ጠረጴዛ ከቦ ይጠብቃታል። በሶኮል ውስጥ ሁሉም ወንድምና እህት ነው፤ አንተና አንቺ እንጂ ሌላ መጠሪያ የለም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ሥጋ ሻጩ ስላማ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት።

"ይቀመጡ፣ ወይዘሮ።"

"ከመቼ ወዲህ ነው ወይዘሮ የሆንኩት? ባለፈው ሳምንት ሱሪህን ስጠግንልህ 'አንቺ፣ ቶሎ በይ' ትለኝ አልነበር?"

ማቴይ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። በትርኢት ጊዜ ቮይቴኽን ትከሻው ላይ የሚያቆም የልብ ወዳጁ ነበር።

"ቄሱን ማን ጠራው?" አለ ስላማ።

አፖሌና መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። "ራሱ ጠራው" ካለች፣ ባሏ በካቶሊኮች መቃብር፣ በሕፃንነቱ ከሞተው ልጃቸው አጠገብ ያርፋል፤ እሷም ተራዋ ሲደርስ እዚያው ትከተላቸዋለች። ስሙ ግን ከአዳራሹ ግድግዳ ይፋቃል፤ ዕድሜውን የሰጣቸው ሰዎች ከሃዲ ይሉታል። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ ወንድሞቹ ያነሡታል፤ ልጇ ዘንድ ብቻዋን ትሄዳለች።

"እኔ ነኝ" አለች።

"እሱስ ፈልጎ ነበር?"

"ምላሱ ታስሮ ነበር። ቄሱ ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ አገጩን ይዤ መለስኩት።"

"በግድ?"

"በግድ። ያ ሁሉ ጂምናስቲካችሁ በዚያች ሰዓት ምንም አልፈየደለትም።"

ስላማ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። "አላልኳችሁም! ቮይቴኽ አይከዳም አላልኳችሁም!"

ወንዶቹ ተቃቀፉ። ማቴይ እንደ ልጅ አለቀሰ። አፖሌና ከወንበሩ ስትነሣ ያያት የለም።

ዓርብ ዕለት አስከሬኑ በወንድሞቹ ትከሻ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርሱ ሙዚቀኞቹ ቄሱ ይስማ ብለው እርምጃቸውን አዘገዩ። አፖሌና ከሴቶቹም ኋላ ሆና ተከተለች።

መቃብሩ አፋፍ ላይ ስላማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፦ "ወንድማችን በሥራውም፣ በአዳራሹም ታግሏል። በመጨረሻ ጠላት በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው ላይ መጣበት። ቮይቴኽ ግን ፊቱን አዞረበት!"

"ናዝዳር!" አሉ ወንዶቹ በአንድ ድምፅ፤ ሲገናኙም ሲለያዩም የሚሉት ነው።

ሰው ሲበተን ማቴይ ወደ አፖሌና መጣ።

"ስላማን ታውቂው የለ? ንግግር ከጀመረ ልጓም የለውም። አንቺን ማለቱ አይደለም።"

"ታዲያ ማንን ነው? በዚያ ቤት የምንኖረው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።"

ማቴይ ቆቡን በእጁ አዟዟረ። "በይ ነይ፣ ብርድ ነው። አዳራሹ ውስጥ ምግብ ተሰናድቷል።"

"እሱን አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የማን ቀብር ነው እኔ ያልሠራሁበት? ለባሌ ጊዜ ግን ነይ ያለኝ የለም።"

ወንዶቹ ከተሳፈሩበት ጋሪ ላይ "ማቴይ፣ ትቀራለህ ወይስ ትመጣለህ?" ብለው ጮኹ። እሷን አየ፣ ጋሪውን አየ፤ ሄደ።

መቃብር ቆፋሪው አካፋውን አንሥቶ ጠበቃት። አልሄድ ስትለው "የሟች ዘመድ ነዎት?" አለ።

"ሚስቱ ነኝ።"

"እግዜር ያጥናዎ። እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ እናቴ፤ አፈሩን ልመልስበት።"

አፖሌና ፈቀቅ አለች።