ከግምገማው ሥር ያለው ነጭ ጽሑፍ

ሥራ አስኪያጁ ከሥልጠና በተመለሰ ቁጥር የሆነ ነገር ሳይበላሽ አይቀርም። ከመጀመሪያው ሥልጠና ሲመለስ የቢሮውን ግድግዳዎች አስፈርሶ ሁሉንም ሠራተኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ ጠቀጠቀው፤ ከሁለተኛው ሲመለስ ግድግዳዎቹን መልሶ አስገነባቸው። በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ሥልጠናው» የሚል ስም የወጣለት ያኔ ነው። ስሙን ያወጣችለት የደንበኞች ክፍል ኃላፊዋ ናት። እሷ እንኳን ለሰው፣ ወደኋላ ለሚቀረው የግድግዳ ሰዓትም «ጡረተኛው» የሚል ቅጽል አውጥታለች።

ዘንድሮ ይዞ የመጣው ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሰኞ ጠዋት ኃላፊዎቹን ሰብስቦ ስክሪኑን ከፈተ።

«ደብዳቤም፣ ቃለ ጉባኤም፣ ግምገማም ኢንተርኔት ላይ ከፍተን የምንጽፍበትን አገልግሎት ታውቁታላችሁ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ረዳት ጋር ይገናኛል። ይጽፋል፣ ያርማል፣ ያጠቃልላል። ከኛ የሚጠበቀው ማዘዝ ብቻ ነው።»

እሱ እስከ ዛሬስ ከማዘዝ ሌላ ምን ሠርቶ ያውቃል፣ አለች ኃላፊዋ በሆዷ።

ስክሪኑ ላይ ረጅም ጽሑፍ መጣ። ረዳቱ ሰነዶቹን በሙሉ እንዲያነብ፣ እንዲያርምና ለሌሎች እንዲልክ ይፈቅዱለት እንደሆነ ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን እንኳ ሳያሳርፍበት «ፍቀድ» የሚለውን ተጫነ። ኃላፊዋ ግን እስከ መጨረሻው አነበበችው። የተሰጣትን ወረቀት ሁሉ እስከ መጨረሻው ማንበቧ ዋነኛ ኩራቷ ነው። ሳታነብ የምትፈርም ሴት አይደለችም፤ በሱ ችኮላም ልቧ እስኪጠፋ ሳቀች።

«አሁን እንሞክረው» አለና እየጮኸ ጻፈ። «የደንበኞች ክፍል ሠራተኞችን የሰባት ዓመት የሥራ አፈጻጸም ግምገማ አጠቃለህ፣ ለያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በኢሜይል ላክ። ግልጽነት ማለት ይሄ ነው!»

ኃላፊዋ ሳቋ እንደ ውሃ መቋረጥ ቀጥ አለ።

«ረዳቱ ቀለም ያያል?» ስትል ጠየቀች።

«የምን ቀለም ነው እትዬ? እሱ የሚያነበው ፊደል ነው። ቢፈልጉ በአረንጓዴ ይጻፉት፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ኃላፊ ሠራተኞቹን ይገመግማል። ዋናው መሥሪያ ቤት «ሁሉም ጎበዝ ሊሆን አይችልም» ብሎ ስለሚያምን፣ ከየክፍሉ አንድ ሰው «መካከለኛ» ካልተባለ ቅጹ አልላክም ይላል። ኃላፊዋን ውሸት ያንገሸግሻታል፤ ጠብ ግን ከውሸት ይብስባታል። ስለዚህ ቅጹን ማንንም በማያስቀይም ሙገሳ ትሞላውና፣ ከሥሩ እውነቱን በነጭ ፊደል ትጽፋለች። በነጭ ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ማን ያያል? ዘዴውን ያሳየቻት ሴት ልጇ ናት።

«እማ፣ እውነት ከሆነ ለምን በጥቁር አትጽፊውም?» ብላት ነበር ልጅቱ።

«አብሬያቸው ነዋ የምውለው!»

ስለ መሐንዲሱ «እሱ ሲቀር ሥራው ይሳለጣል» ብላ ጽፋለች። ስለ ቅሬታ ተቀባይዋ ደግሞ «ከምትቀበለው ቅሬታ የምታመርተው ይበልጣል።» ይህን ስትጽፍ ብቻዋን ትስቅና፣ ስትጨርስ ገላዋን እንደታጠበች ሁሉ ቅልል ይላታል። መካከለኛዋ ዕጣ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ የወጣችው ለቆጣሪ አንባቢው ነው። ቆጣሪ አንባቢው ጉልበቱን ያመዋል። ደረጃ ከመውጣትና ከመውረድ እንዲገላገል፣ ወደ መዝገብ ክፍል ተዛውሮ ተቀምጦ እንዲሠራ በየዓመቱ ያመለክታል፤ መካከለኛ የተባለ ሰው ደግሞ አይዛወርም።

ኃላፊዋ ወደ ጠረጴዛዋ በረረች። ሰነዶቹን እየከፈተች ነጩን ጽሑፍ ማጥፋት ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሥራ አስኪያጁ በበሩ ብቅ አለ።

«ዐሥራ አንድ ሰከንድ!» አለ በደስታ። «ዐሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው የፈጀበት። ሁሉም ተልኳል።»

«አንብበውታል?»

«የሚያነብ ካለ እኔ ለምን አነባለሁ?»

ይህ ሰው መልሱን ሥልጠና ላይ ይሁን ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው፣ ልትለይ አልቻለችም።

እስከ ምሳ ድረስ ፈንጂው እስኪፈነዳ ጠበቀች። አልፈነዳም። መሐንዲሱ በአጠገቧ ሲያልፍ ጣሪያውን እያየ አለፈ። የክፍሉ ጸሐፊም ሰላምታዋን ዋጥ አደረገች። ማንም አቤት አላለም፤ አቤት ለማለት የተጻፈበትን ለሰው ማንበብ ነበረበታ። ቅሬታ ተቀባይዋ ደግሞ ኢሜይል ከፍታ አታውቅም። ኃላፊዋ እየቆየች ልቧ መለስ አለ፤ እነዚህን ፈሪዎችማ አውቃቸዋለሁ እኮ፣ እያለች ሳንድዊቿን በላች።

ከሰዓት በኋላ ቆጣሪ አንባቢው ከዙር ተመለሰ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጣ አንዱን እግሩን እየጎተተ መሆኑ ከኮቴው ያስታውቃል።

«እትዬ፣ ሥራ አስፈታሁዎ» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«ግባ፣ ቁጭ በል።»

«ግድ የለም። ከተቀመጥኩ መነሣቱ ይከብደኛል።»

ስልኩን አወጣና ከዓይኑ አርቆ ያዘው። ያነበበው የቆጣሪ ቁጥር በሚያነብበት ድምፅ ነው፤ ከፍም ዝቅም ሳያደርግ።

«"ከክፍሉ ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። መካከለኛ የሰጠሁት ስለማይቆጣ ነው።" ይሄ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ቀጥሎ ያለው "ዘንድሮም እሱ፤ ይችለዋል" ይላል። ቀጥሎ "ጉልበቱ ብሶበታል፤ ግን ሌላ ለማን ልስጠው?" ይላል። ሁሉንም ላንብበው?»

«ተው፣ ይበቃል» አለች። «እሱን ለራሴ ነው የጻፍኩት።»

ቆጣሪ አንባቢው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እኔ ቆጣሪው ሌላ ቁጥር እያሳየ ሌላ ብጽፍ፣ እርስዎ ምን ያደርጉኛል?»

በዚሁ ጥፋት ካቻምና አንድ አንባቢ አባርራለች። የስንብቱን ደብዳቤ ራሷ አርቅቃ፣ በጥቁር ፊደል፣ ደስ እያላት ነበር የጻፈችው።

«ያባርሩኛል» አለ እሱው። «ልክም ነዎት።»

እስኪቆጣ ጠበቀችው። ቢቆጣማ ቀላል ነበር፤ አንድ ቅጽል ታወጣለትና ትገላገለው ነበር። ለዚህ ሰው ግን እስከ ዛሬ ስም አውጥታለት እንደማታውቅ ገና አሁን ገባት። ለሰዓቱ እንኳ ስም ያወጣች ሴት ይሄን ሰው አይታው አታውቅም። ፊቷ ጋለ፤ አፈረች።

ዞር ብላ ስክሪኗን አየች። በጎን በኩል ረዳቱ አዲስ መልእክት ጽፎላታል፦ «ያለፉትን ዓመታት አሠራርዎን መሠረት አድርጌ የዘንድሮውን ግምገማ አዘጋጅቻለሁ። ቆጣሪ አንባቢ፦ መካከለኛ። ምክንያት፦ አይቆጣም።»

ጠዋቱን ሙሉ ስትፈራው የዋለችው ነገር የእሷን ሥራ በግማሽ ቀን ለምዶት አረፈ። አንዲት ፊደል አላበላሸም። እንደ እሷ ግን አላፈረም፤ የጻፈው በጥቁር ነው።

ቆጣሪ አንባቢውም ከበሩ ጠጋ ብሎ ከትከሻዋ በላይ አነበበው።

«ይሄም አውቆኛል» አለ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ኃላፊዋ ማውሱን ያዘች። ከስሙ ጎን ያለውን አጥፍታ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብላ ጻፈች። ቅጹ ወዲያው ቀይ ሆነና አንድ መካከለኛ ይጎድላል አለ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። መካከለኛዋን የት እንደምታሳርፋት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እጇን የያዛት ፍርሃቷ ብቻ ነበር። ከቅሬታ ተቀባይዋ ስም ጎን አስገባችና ምክንያቱን ከሥሩ ጻፈች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቁር። ቀጥላም የዝውውር ማመልከቻውን ከመሳቢያዋ አወጣች። ሰባቱም እዚያው ተደራርበው ተቀምጠዋል። የላይኛውን ፈርማ ሰጠችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለና ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጠረ ወረደ።

ደንቡ የተገመገመ ሰው አይቶ ይፈርም ስለሚል፣ ቅሬታ ተቀባይዋን አስጠራቻት። ሴትዮዋ አነበበች። ከዚያ ጮኸች። ጠረጴዛ ደበደበች፣ በልጆቿ ማለች፣ የኃላፊዋን ዘር ማንዘር ከነግብሩ ዘረዘረች፣ ኮሪደሩ ሁሉ አንገቱን አወጣ። ኃላፊዋ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ሰማቻት። ከዚያ ታች በቅሬታ መስኮቷ ላይ የተሰለፉት ደንበኞች ማንኳኳት ሲጀምሩ ሴትዮዋ እየተነጫነጨች ፈረመችና ወደ ሥራዋ ወረደች።

ኃላፊዋ ቀና ብላ ሰዓቱን አየችው። ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ጉልበት የሸሸችው ጩኸት፣ በዚያ ወደኋላ በሚቀረው ሰዓት ሲለካ፣ ሦስት ደቂቃ አልሞላም ነበር።